የውሰት ዓይን

«ለውድ ደንበኞቻችን፦ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ፎቶ ቤት የሚሠራ ማንኛውም አፍንጫ ከሦስት ቀለም በላይ እንደማይኖረው በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ውሳኔው ይግባኝ የለውም። ማኔጅመንቱ።»

ማኔጅመንቱ እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን ያረቀቅኩት፣ ያጸደቅኩት፣ ያተምኩትና የመስታወት በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት ለዚህ ስለነበር ቢያንስ ሥርዓተ ነጥቡ እንከን የለውም። ለአዋጁ ምክንያት የሆነው ከእኛ ሦስት በር አልፎ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። የራሱን ምስል አሠርቶ ወንበሩ ፊት ለፊት ከሰቀለ በኋላ ስለ አፍንጫው ብቻ አራት ጊዜ ተመላልሷል። «ትንሽ ጥላ ጨምሩበት እንጂ፤ ሰው ተቀምጦበት የተነሣ አስመሰላችሁት እኮ» ይላል። ስለ አፍንጫው አራት ጊዜ የተከራከረ ሰው ስለ ዓይኑ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ሥራችን ፎቶን ፖፕ አርት ማድረግ ነው። ሰው ፎቶውን ይዞ ይመጣል፤ ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ይከፍተውና መጀመሪያ ጥላውንና ብርሃኑን ደህና አድርጎ ያጣላቸዋል። መሐል ሰፋሪውን ግራጫ ሁሉ አባርሮ ፊቱን በአራት ይከፍለዋል፦ ጥቁር፣ ጥላ፣ ቆዳ፣ ብርሃን። ከዚያ የብዕር ምልክት ባለው መሣሪያ ነጥብ ከነጥብ እያያያዘ የቅንድቡን፣ የከንፈሩን፣ የጆሮውን ዳር ይከተላል፤ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደሚያሰምረው። እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ንብርብር አለው፤ እኛ ሌየር እንለዋለን፤ አንዱን ስታጠፋው ሌላው ከሥሩ ይቀራል። በመጨረሻ ቆዳው ሮዝ፣ ጥላው ወይን ጠጅ፣ ከኋላው ያለው ነጠብጣብ ቢጫ ይሆንና፣ ዕድሜ ልኩን ፈገግ ብሎ የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሹም የከረሜላ መጠቅለያ መስሎ ይወጣል። ሹሙ ለረጅም ጊዜ ያየዋል። «እኔ ነኝ?» ይላል። «እርስዎ ነዎት» እላለሁ። መዋሸት የማኔጅመንቱ ድርሻ ነው።

ወንድሜን ጋሼ እለዋለሁ፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ማብራሪያ የሚባል ነገር አይወድም፤ ከአፉ ማብራሪያ ከመጠበቅ አምፖል መግዛት ይሻላል። ሦስት ዓረፍተ ነገር አከታትሎ የሚናገረው ለደንበኛ ስለ ቬክተር ሲያስረዳ ብቻ ነው። «ፎቶ የጥቃቅን ካሬ ስብስብ ነው፤ ሲያሳድጉት የመታጠቢያ ቤት ወለል ይሆናል። ቬክተር ግን መስመርና ስሌት ነው። የጥፍር ያህሉን የሕንፃ ያህል ቢያደርጉት አይደበዝዝም።» ይህን ብሎ ወደ ጓዳው ይመለሳል። አንድ አፍንጫ ላይ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ዓይን ላይ ግን ከእሱ የፈጠነ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ ስትመለስ ፊቱ ዓይን አብቅሏል። ልምድ ነው ብዬ ነበር።

ፎቶ የምታነሣው ሚስቱ ነበረች፤ እኔ እትዬ የምላት። በዚህ ሰፈር ባለ መታወቂያ ሁሉ ላይ ያለው ፊት በእሷ እጅ ያለፈ ነው። ሰው በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደ ተከሳሽ ሲገተር፣ ከአራት ማዕዘኑ ትልቅ መብራት ጀርባ ብቅ ትልና «ዓይንህን ክፈት፣ ብርሃን አይናከስም» ትለዋለች። አንዴ ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ዘጠኝ ጊዜ ቢነሣ ዘጠኙንም ጨፈነ። እየሳቀች ወደ ጋሼ ዞረችና፣ «ይኼ ሰውዬ ዓይን የተሰጠው ለእንቅልፍ ብቻ ነው፤ በቃ የኔን አውሰው» አለችው። ጋሼም አዋሰው። ዳቦ ጋጋሪው ሥራውን በራሱ ፍላሽ ወስዶ፣ ሌላ ቦታ በትልቁ አሳትሞ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰቀለው። የእሱ ናቸው ብሎ የሚምልላቸው ዓይኖች የእሷ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ሳቅንበት፤ ከዚያ እንደማንኛውም ቀልድ ተረሳ።

የሁሉን ሰው ፎቶ የምታነሣ ሰው የራሷ ፎቶ የላትም። ጋብቻቸው በሁለት ምስክርና በአንድ ማኅተም ያለቀ ስለነበር የሠርግ አልበም የሚባል ነገር የለም። ስልኳ ውስጥ ያለው የድመትና የደመና ምስል ነው። አንድ ቀን ብቻ አዲሱን መብራት ለመሞከር በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ጋሼ አነሣት፤ ከዚያም ፎቶ ወደ ፖፕ አርት ስንቀይር የመጀመሪያው መለማመጃችን ሆነች። ማተም ግን ከለከለችን። «ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁኝ ሥራ እለቃለሁ» አለች። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀመጠች።

ከሁለት ዓመት በፊት ሆዷን አመማት። ለጨጓራ ሰጥታው ከረመች፤ ጨጓራ ሳይሆን ቀረ። በሦስት ወር ውስጥ አለቀች። የሞት ምስክር ወረቀት ልንቀበል ስንሄድ ጸሐፊዋ መታወቂያዋን ተቀበለችንና፣ «የሞተ ሰው መታወቂያ አይዝም» ብላ ፊቷ ላይ መቀስ አሳልፋ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። መመሪያው ልክ ነው። የሞተ ሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገባበት። ይህን ክፍል አጭር አደርገዋለሁ። በቤቱ ውስጥ የተማርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ወጣ ባለበት ማሽኑን ፎርማት አደረግኩት፤ መጠባበቂያው ዲስክም ተሰክቶ ስለነበር እሱንም አብሬ አጠብኩት። ሁለቱም እንደ ታጠበ ሳህን ጸዱ። ጋሼ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ባዶ ሜዳ ነበር።

«የእትዬ ፎቶ…» አልኩ።

ከስክሪኑ ወደ እኔ ዞሮ ቀጥ ብሎ አየኝ። «ሌላ ቦታ አለኝ» አለ። «ምንም አልጠፋም።»

ከዚያ ጃኬቱን ሳይደርብ ወጥቶ ዳቦ ቤት ገባ፤ በመስታወቱ አየሁት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳቦ ሳይዝ ተመለሰ። ሐዘንተኛ ነው፣ ይረሳል ብዬ አለፍኩት። «ምንም አልጠፋም» ያለኝንም አመንኩት፤ ማመኑ ስለሚመች።

እንግዲህ አዋጁ በተለጠፈ በሳምንቱ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ መምህርቷ በአንሶላ የተጠቀለለ ሸራ ታቅፈው ገቡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግማሹን ሰፈር ያስተማሩ፣ ሌላውን ግማሽ ያስደገሙ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወር አልሆናቸውም ነበር። ያመጡልን ፎቶ ክፈፍ ውስጥ ያለ አሮጌ ፎቶ በስልክ የተነሣ ስለነበር፣ ፍላሹ የሰውየው መነጽር ላይ አርፎ በዓይናቸው ቦታ ሁለት ነጭ ሳንቲም ብቻ ነበር የሚታየው። ሥራውን ሰኞ አስረክበናቸዋል።

«ቲቸር፣ ምነው? ቀለሙ ለቀቀ እንዴ?»

«ቀለሙ ደኅና ነው» አሉና አንሶላውን ገለጡት። «ሰውየው ማን ነው?»

«ባለቤትዎ ናቸዋ።»

«ልጄ፣ ባሌ ሸውራራ ነበር።»

ማኔጅመንቱ ጎንበስ ብሎ ሸራውን እንደገና አየ።

«አርባ አንድ ዓመት አንዱ ዓይኑ እኔ ላይ፣ አንዱ በሩ ላይ ነበር። ስንጣላ ‹እስቲ ዓይኔን እያየህ ተናገር› ስለው ‹በየትኛው?› ይለኛል። እንዲህ እያለ ስንቱን ጠብ አጨናገፈብኝ። ይኼ ሰውዬ ግን አልጋዬ ፊት ለፊት ሆኖ ቀጥ ብሎ ያየኛል። ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚህ ዕድሜዬ ከማላውቀው ወንድ ጋር አንድ ክፍል ልደር?»

«ሥነ ጥበብ ነው እኮ ቲቸር። ሠዓሊው የውስጡን…»

«ዝም በል። አንተ ድሮም መልሱን ሳታውቅ ነው ሁለት ገጽ የምትሞላው።» ከቦርሳቸው ባለ መስመር ደብተር አወጡ። «ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ዞሬ አይቻለሁ። ፀጉር አስተካካዩ። የባለ መድኃኒት ቤቷ አባት። የጥርስ ሐኪሙ። መንታዎቹ፣ ሁለቱም። ዳቦ ጋጋሪው። ከኔው ጋር ሰባት። የሁሉም የግራ ዓይን ጫፍ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል። የሁሉም ሽፋሽፍት ላይ ሦስት ሾጣጣ አለ። ብሌናቸው ላይ ያለችው ነጭ ብርሃን አራት ማዕዘን ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ስሕተት ከሠራ ኩረጃ ነው። ሰባት ሰው አንድ ዓይነት ዓይን ካለው ምን ይባላል?»

«ዝምድና» አልኩ።

አልሳቁም። እኔም ለመሳቅ የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ፤ አራት ማዕዘን ያሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ለብሶ የቆመውን መብራት አየሁት። እሷ ከሞተች ወዲህ ፎቶ አናነሣም፤ ሰው ይዞ የመጣውን ብቻ ነው የምንሠራው።

ጋሼ ከጓዳው ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«ልክ ነዎት» አለ። «አስተካክለዋለሁ።»

«ከምን አይተህ? ፎቶው ላይ እንደሁ ዓይን የለ።»

«እርስዎ ይነግሩኛል።»

ጓዳ ገቡ። መምህርቷ በርጩማውን ስበው ከጎኑ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ቆምኩ። ጋሼ ሥራውን ከፍቶ የዓይኖቹን ሌየር አጠፋው። ሰውየው ከነሮዝ ፊታቸው፣ ከነመነጽራቸው ክፈፍ ባዶ ሆነው ቀሩ። መምህርቷ ፊታቸውን አዞሩ፤ ከዚያ መልሰው አዩ።

«ጀምር» አሉ።

ጋሼ ብዕሩን ይዞ አንድ ነጥብ አስቀመጠ።

«ግራው ወደ ውጭ።»

«እዚህ?»

«ይኼ ሲናደድ ነው። ሲረጋጋ ይመለሳል። ትንሽ መልሰው።»

«እንዲህ?»

«እ… አዎ። አሁን ደግሞ ከሥሩ እጥፋት አለው። አንድ አይደለም፣ ሁለት። የታችኛው አጭር ነው።»

«ሽፋሽፍት?»

«በቀኙ በኩል የለውም ማለት ይቻላል። ምድጃ ሲለኩስ ለበለበው፤ መልሶ አልበቀለም። ‹አንቺን የማይበት መስኮት መጋረጃው ተቃጠለ› ይል ነበር። ቀልዱ ከዓይኑ የባሰ ጠማማ ነበር።»

እንዲህ እያሉ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ያሰምራል። አንዳንዴ መስመሩ ሳያልቅ «አይደለም» ይሉታል፤ ይሰርዛል። እጃቸውን አንሥተው አየር ላይ ያሳዩታል፤ ይከተላል። ከምንም ተነሥቶ አንድ ሸውራራ ሽማግሌ ስክሪኑ ላይ ቀስ በቀስ ወደ በሩ መመልከት ጀመረ።

«እንዴት ነው የሚያስታውሱት?» አለ ጋሼ ድንገት። ከእሱ አፍ ጥያቄ ሲወጣ ከሰማሁ ቆይቷል።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። እጥፋቱን።»

«አየሁታ፣ ልጄ። ሰው ዕለት ዕለት ያየውን ይረሳል? አንተስ ባለቤትህን አታስታውሳትም?»

የማውዙ ቀስት ቆመ። መምህርቷን መጠየቃቸው ወዲያው ቆጫቸው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ጋሼ ሥራውን ለማስቀመጥ ብሎ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ስቶ ነው፤ ከሥር ተከፍቶ የቆየ ሌላ ገጽ ብቅ አለ።

ነጭ ገጽ ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ዓይኖች አሉ፤ ግራው ጫፉ ላይ ቀና ያለ፣ ብሌኑ ላይ አራት ማዕዘን ብርሃን። በዙሪያቸው ፊት የለም። በጎን የሌየሮቹ ዝርዝር ይታያል። ከላይ «እሷ» ይላል። ከሥሩ፣ በእሱ እጅ የተጻፈ፦ «አገጭ 1 አይደለም»። «አገጭ 2 አይደለም»። «ግንባር 9 አይደለም»። «አገጭ 14 ትንሽ፣ ግን አይደለም»። «ከንፈር 22 አይደለም»። ዝርዝሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስክሪኑ አልበቃውም።

ዘጋው። ሦስት ሰኮንድ ቢሆን ነው። መምህርቷ መነጽራቸውን መልሰው ሲያጠልቁ ባለቤታቸው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።

ያን ቀን ዳቦ ቤት ሄዶ ዳቦ ሳይዝ ሲመለስ ምን ይዞ እንደነበር የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ከእሷ የተረፈው ለዳቦ ጋጋሪው ያዋሰችው፣ እሱም በፍላሹ የወሰደው ዓይን ብቻ ነበር። ጋሼም አንዴ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ከወንድሙ ተምሯል። ስለዚህ በየግድግዳው አስቀመጣት፤ መድኃኒት ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት፣ መንታዎቹ መኝታ ክፍል። ፎርማት የማይደረግ ቦታ።

ሸራው ታትሞ ሲወጣ መምህርቷ በሁለት እጃቸው ያዙትና ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት።

«አዎ» አሉ። «አሁን በሩን ያያል። ይኸው፣ ልወጣ ስል ያየኛል።» ሸራውን ወደ ፊታቸው አስጠጉት። «እየኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አሉት ቀስ ብለው፣ እኛ ያልሰማን መስሏቸው።

ወደ ባንኮኒው ስንወጣ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንኳ ሳያስቀምጥ መጥቶ እየጠበቀ ነበር።

«ቲቸር የነገሩኝ እውነት ነው?» አለኝ። «እኔ በሕይወት ያለሁ ሰው ነኝ እኮ። ዓመት ሙሉ ደንበኛ ‹ምስሉ ላይ ዓይንህ እንዴት ያምራል› ሲለኝ አመሰግን ነበር። የማንን ዓይን ነው ያመሰገንኩት?»

«አፍንጫህስ?» አልኩት።

«አፍንጫው የኔ ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ። ዓይኔን አምጡ።»

መምህርቷ ደብተራቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ወደ ጋሼ ዞሩ። ድምፃቸው ለሰለሰ፤ ለፈተና ያልተዘጋጀ ጎበዝ ተማሪ እንደሚያናግሩ ዓይነት።

«ስማኝ፣ ልጄ። ምንጩ ከተጠቀሰ ኩረጃ አይባልም። የማን ዓይን እንደሆነ ንገረኝ። ሰበብ ካለው እኔ ደብተሬን እዘጋለሁ፣ ይኼም አፉን ይዘጋል፣ የተሰቀለው እንደተሰቀለ ይቀራል። ካልሆነ ግን ለየቤቱ መናገሬ አይቀርም። ሰው የራሱ አባት እንዲያየው ነው የሚፈልገው። ስድስቱንም መልሰህ ትሠራቸዋለህ፤ ይኼ ዓይን ከየግድግዳው ይወርዳል።»

ጋሼ ደብተሩን አየ። እኔ ግን መልሱን አውቀው ነበር፤ በሕይወቴ ሳልዘባርቅ የምመልሰው አንድ ጥያቄ ይኼ ነበር። ለመናገር ደግሞ መነሻው አንድ ብቻ ነው፤ ማን እንዳጠፋት።

«ቲቸር» አልኩ፣ «ጥፋቱ የ…»

«ወረቀት አልቋል» አለ ጋሼ። «ከጓዳ አምጣ።»

ያልተከፈተ ሙሉ እሽግ ወረቀት ባንኮኒው ላይ፣ በክርኑና በክርኔ መሐል ተቀምጦ ነበር። እሱም አየው፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ በሁለቱም ዓይኑ፣ ቀጥ ብሎ። የዚያን ቀን «ምንም አልጠፋም» ሲለኝ ያየኝ አስተያየት ነው። ንቅንቅ አላልኩም፤ አፌን ግን ዘጋሁ።

«ነገ ጠዋት ና» አለው ፀጉር አስተካካዩን። «በርጩማው ላይ ትቀመጣለህ፤ ዓይንህን እያየሁ እሠራዋለሁ።»

«እነ መድኃኒት ቤትስ?» አሉ መምህርቷ።

«ይምጡ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ይምጡ። ዳቦ ጋጋሪውም።»

ጥግ ወዳለው መብራት ሄዶ ጨርቁን ገፈፈው። አቧራው ተነሣ። አምፖሉን በእጅጌው ጠረገና ገመዱን ሰካው፤ በራ።

መምህርቷ ብርሃኑን፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ እኔን አዩ። ደብተራቸውን አልዘጉም።

«ጥያቄዬን ግን አልመለስክልኝም።»

«አልመልስም።»

«ያልተመለሰ ጥያቄ ዜሮ እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ዜሮ ይስጡኝ» አለ።